የዶክተር አክሱማዊት ሁለተኛ መልስ

ዶክተር አክሱማዊት ስትናገር ለመስማት ሙከየፉን ማጥፋት ያስፈልግ ነበር። ሙከየፍ የምንለው መስኮቱ ላይ የተገጠመውን ማቀዝቀዣ ነው። በዐረብ አገር፣ በኾበር የሐምሌ ሙቀት እሱን ማጥፋት ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ አንገት በላብ ይርሳል፣ ግድግዳው ሲነኩት እንደ ትኩሳታም ሰው ይግላል። እሷ ግን ድምፅዋን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ማጥፋቱን ትመርጥ ነበር። ታጠፋለች፣ የምትለውን ትላለች፣ መልሳ ታበራለች። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ለብቻዬ እጨነቅ ነበር።

ሐኪም ሆና ሳለ "እሷ" እያልኩ የምጽፈው ደፍሬ አይደለም። ቤቷ በገባሁበት ቀን "እርስዎ" ስላት ፊቷ ቀላና፣ "እትዬ ኑርሀያት፣ እናቴ የሚሆኑ ሰው እርስዎ ሲሉኝ የት ልግባ? አንቺ ይበሉኝ" አለች። ሙከየፉን አጥፍታ ነው ያለችው። ስለዚህ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባኝና እሺ አልኩ።

እሷ ዘንድ የገባሁት እንዲህ ነው። ከወሎ፣ ከሐይቅ አካባቢ ወጥቼ ደማም ውስጥ ማዳም ሱዓድ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አምስት ልጆቿን አሳድጌያለሁ። ማዳም ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር ተገኘና ዶክተር አክሱማዊት ኦፕራሲዮን አደረገቻት። ሲሻላት "ለዚች ሴት ምን ልስጣት?" ብላ ወርቅ አሰበች፣ ምንጣፍ አሰበች፣ በመጨረሻ እኔን ሰጠቻት። ልጆቹ አድገው ነበር፤ የኔም ጉልበት የዚያን ትልቅ ቤት ደረጃ መውጣት እምቢ ብሎ ነበር። ካፊሌ፣ ማለት ዋስ ሆኖ ያስመጣኝ ሰው፣ የማዳም ባል ነው፤ እሱም ፈቀደ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእሱ ስም እንዳለ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ኾበር፣ አል ሒዛም አል-አኽደር ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። የዶክተሯ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ተገኘ። ደረጃው ሠላሳ ሁለት ነው።

እሷ ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም ነን። በሥጋ ነገር ሁለታችንም ሳንናገር ተጨነቅን። እዚያ አገር ያለው ሥጋ ሁሉ በሙስሊም የታረደ ስለሆነ እሷ አትበላውም፤ እኔ ደግሞ ለብቻዬ ሠርቼ እሷ ፊት መብላት አፈርኩ። ሁለት ቀን ምስር በላን። በሦስተኛው ቀን ሐሙር የሚባለውን የባሕር ዓሣ በፌስታል ይዛ መጣች። ዓሣን የሚባርከው የለ፣ የሚያርደው የለ። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ዓሣ በላን።

ያን ጊዜ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። አባቷ አክሱም ውስጥ የዜማ መምህር ነበሩ። ሕክምናውን ጎንደር፣ ቀዶ ጥገናውን ሃንጋሪ ተምራለች። ቀጭን ናት፤ ጫማዋ ድምፅ አያሰማም። ሰው ሲመጣ በሩ ላይ "ይቅደሙ፣ ይቅደሙ" እያለች ራሷ ውጭ ትቀራለች። አንድ ጊዜ በሊፍት በር እንዲህ እያለች ሊፍቱ ትቷት ሄዷል።

እጇ ግን እንደ ድምፅዋ አልነበረም። ይህን የነገረኝ የሚያመላልሳት ሾፌር ሙዐዝ ነው። ሙዐዝ የወሎ ልጅ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ ቱቅባ በሚባል ሰፈር ከስድስት ሰዎች ጋር በአንድ ክፍል ይኖራል። ከሾፌርነቱ በፊት ኢንዱስትሪ ከተማው ውስጥ ሲሠራ እጁ ማሽን ገብቶ ሦስት ጣቶቹ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥለው ቀርተው ነበር። "ሌላው ሐኪም 'ኸላስ፣ ይቆረጥ' ብሎ ነበር" አለኝ። "እሷ መጣች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዙህር እስከ መግሪብ ቆማ ሰፋችኝ።" ከቀትር እስከ ጀንበር መጥለቂያ ማለት ነው። ከዚያ መሪውን የያዘባቸውን ጣቶች አንድ በአንድ እያንቀሳቀሰ ያሳየኛል። እኔ ደግሞ መንገዱን እንዲያይ እለምነዋለሁ።

እንግዲህ ይህች ሴት በፈተና ወደቀች።

ነገሩ በእኛ አቆጣጠር በ1985 አጋማሽ ነው። እዚያ አገር በራሷ ስም ኦፕራሲዮን ማድረግ እንድትቀጥል ቦርድ የሚባለውን የስፔሻሊስቶች ፈተና ማለፍ ነበረባት። ፈተናው ሁለት ነው። የጽሑፉን እንደ ውኃ ጠጥታው አለፈች። በቃሉ ጊዜ ሽማግሌ ፕሮፌሰሮች ፊት ትቀመጣለች፣ የበሽተኛ ታሪክ ይነግሯታል፣ ምን እንደምታደርግ ትመልሳለች። እዚያ ላይ ወደቀች። ለምን እንደወደቀች ራሷም አታውቅም። "የማውቀውን ነው የጠየቁኝ፣ እትዬ። የማውቀውን ነው" ትል ነበር። ሆስፒታሉ ወረቀት ጻፈላት፤ በሚቀጥለው ረጀብ ወር ውሏ ሲያበቃ የቃሉን ፈተና ካላለፈች አይታደስም፣ ኹሩጅ ነው ይላል፤ አገር ለቆ መውጣት ማለት ነው። ወረቀቱን የምግብ ማቀዝቀዣው በር ላይ አልለጠፈችውም፣ መሳቢያ ውስጥም አልከተተችውም። ከዳቦው ሥር አስቀመጠችው። ለምን እዚያ እንዳስቀመጠችው እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ዳቦ ባነሳሁ ቁጥር አየው ነበር።

እንደገና ለመፈተን ደግሞ ሌላ ነገር ያስፈልጋል ተባለ፤ የተከታታይ ትምህርት ሠላሳ ሰዓት። ይህ ነገር ብዙ ቀን ግራ አጋባኝ። ሰዓት ያልፋል እንጂ እንዴት ይሰበሰባል? እሷ ደማም ውስጥ ወዳለ አዳራሽ ትሄዳለች፣ ስለ ጉበት ወይም ስለ ቃጠሎ ንግግር ትሰማለች፣ ሦስት ሰዓት ከተቀመጠች "ሦስት ሰዓት" የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጧታል። ወረቀቶቹን እኔ በሰማያዊ የብስኩት ጣሳ ውስጥ አስቀምጥላት ነበር። ብቻዋን መሄድ ስለማትወድ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ፤ ከሴቶቹ ክፍል ኋላ እቀመጣለሁ። ተናጋሪው ከወንዶቹ ጋር ነው፤ እኛ በቴሌቪዥን ነው የምናየው።

"እኔም እኮ አብሬ ተቀምጫለሁ" አልኩት አንድ ቀን ለሙዐዝ። "የኔ ሰዓት የት ይገባል?"

"ይጠራቀምልዎታል፣ እትዬ። ሠላሳ ሲሞላ እርስዎም ቢላ ይሰጥዎታል።"

ሃያ አራት ሰዓት ሞላች። የቀረችው ስድስት ናት። አንድ ሐሙስ ሙሉ ቀን የሚቆይ ትምህርት ነበረና ሄድን፤ ልክ የጎደላት ስድስት ሰዓት። ማብቂያው ላይ የፊርማው ወረቀት ከወንዶቹ በኩል ዘግይቶ መጣ። ሴቶቹ ከበቡት። ዶክተር አክሱማዊት "ይቅደሙ" አለች። ሌላዋም መጣች፣ "ይቅደሙ" አለቻት። ሁሉም ቀደሙ። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ከበሩ ውጭ እጁን አስገብቶ ወረቀቱን ወሰደው። እሷ ሳትፈርም ቀረች።

በሳምንቱ ወረቀቷን ልትቀበል ስትሄድ መዝጋቢው፣ ኡስታዝ ኢስሀቅ የሚባሉ መነጽር ያደረጉ አዛውንት፣ ስሟን ፈልገው አጡት። "በዚያ ቀን ነበርሽ? እርግጠኛ ነሽ?" አሏት። እሷም "ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ይቅርታ" ብላ ተመለሰች። መኪናው ውስጥ ስትነግረን ሙዐዝ ፍሬን ረገጠ።

"ዶክተር! ሁላችንም ነበርን እኮ! እኔ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ጠብቄያለሁ!"

"ሽማግሌ ናቸው፣ ሙዐዝ። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ገለበጡት። እንዴት አድርጌ... ዋሽተዋል ልበላቸው?"

እኔ አንዱም አልገባኝም። የነበረ ሰው አልነበርኩም ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ፈተናው ሦስት ወር ሲቀረው አብራት ታጠና የነበረችው ረምዚያ የምትባል ሱዳናዊት ሐኪም አገሯ ገባች። ዶክተር አክሱማዊት የሚጠይቃት አጣች። መጽሐፉን ብቻዋን ታነባለች፤ የቃል ፈተና ግን በማንበብ አይለመድም አለች። ሁለት ቀን ስትመላለስ ቆይታ ሙከየፉን አጠፋች።

"እትዬ ኑርሀያት፣ እርስዎ ይጠይቁኝ።"

"እኔ? ምን አውቄ?"

"ማወቅ አያስፈልግም። በፊደል እጽፍልዎታለሁ፣ ያነባሉ።"

መሠረተ ትምህርት ተምሬ ፊደል አውቃለሁ፣ ከዚያም ማታ ማታ እስከ አምስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ስለዚህ ማንበቡን እምቢ ማለት አልቻልኩም። የእንግሊዝኛውን ጥያቄ በእኛ ፊደል ጻፈችልኝ። ምን እንደሚል ደግሞ አስቀድማ በአማርኛ ትነግረኛለች፤ ሳላውቀው ካነበብኩት ድምፄ ቁም ነገር አይመስልማ። የመጀመሪያው በሽተኛ ስልሳ ዓመት የሆነው ሰው ነው፤ ሆዱን ድንገት አመመው፣ ሆዱ ሲነካ እንደ ሳንቃ ደርቋል።

"ልጆች አሉት?" አልኳት።

"ማን?"

"ሰውየው።"

"ሰውየው የለም፣ እትዬ።"

"እንዴት የለም? ስልሳ ዓመቱ ነው አልሽኝ እኮ።"

ሳቀች። ግን እኔ ያን ሰው ለብዙ ቀን ከልቤ ማውጣት አልቻልኩም። ሰላጣ ስከትፍ ትዝ ይለኝ ነበር።

ፈታኝ እንዴት እንደሚሆን አስተማረችኝ። አይስቅም። ልክ ነሽ ወይም ተሳስተሻል አይልም። ሁልጊዜ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ይጽፋል። መልሷን ስትጨርስ ደግሞ ቀና ብሎ "አር ዩ ሹር?" ይላል፤ እርግጠኛ ነሽ ወይ ማለት ነው። ይህም ግራ ገባኝ። መልሱን እያወቀ ስለ ምን ይጠይቃል? "እኔም አላውቅም፣ ብቻ ይጠይቃሉ" አለች።

ከአስር፣ ማለት ከተሲያቱ ሰላት በኋላ፣ እሷ ከሥራ ስትገባ፣ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። ሙከየፉ ይጠፋል። እኔ ነጭ ሻሽ አስሬ፣ ማዳም ሱዓድ የሰጠችኝን የንባብ መነጽር አድርጌ፣ ፊቴን አጠቁራለሁ። ሙዐዝ አንድ ቀን ዕቃ ሊያደርስ በሩ ላይ ሲመጣ አይቶኝ "ሱብሐነላህ! እትዬ ኑርሀያት ፕሮፌሰር ሆኑ!" ብሎ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ፕሮፌሰሯ ሆነ።

ፈታኝ ሁልጊዜ ይጽፋል ስላለችኝ እኔም እጽፍ ነበር። ምን ልጻፍ? እንግሊዝኛ አላውቅም። ስለዚህ የመልሷን የመጨረሻ ቃል በሰማሁት ድምፅ በፊደል እጽፋለሁ። "አር ዩ ሹር?" እላለሁ። ዝም ትላለች፣ ዓይኗ ወደ ጠረጴዛው ይወርዳል፣ ድምፅዋ ጭራሽ ይጠፋል፤ ከዚያ ሌላ መልስ ትሰጣለች። እሱንም ከጎኑ እጽፋለሁ። ስልሳ ዓመት በሆነው ሰውዬ ፊት በግራ በኩል "ኦፐሬት" የሚል አለ። ይህችን ኦፕራሲዮን ከሚለው ስለምትቀርብ አወቅኋት። በቀኝ በኩል ደግሞ "ዌይት" የሚል ጽፌያለሁ። ይህችን ማዳም ልጆቿን በእንግሊዝኛ ስትቆጣ ሰምቻታለሁ፤ ቆይ ማለት ናት።

በአንድ ወር ውስጥ ደብተሩ ሞላ። አንድ ቀን ሩዝ እስኪበስል ገልበጥ ገልበጥ ሳደርገው መቁጠር ጀመርኩ። ሠላሳ አንድ በሽተኛ አለ። በሃያ ስምንቱ ላይ የግራው ቃልና የቀኙ ቃል አንድ አይደለም። የትኛው ልክ እንደሆነ አላውቅም። ግን ያ ሰው ሆዱ እንደ ሳንቃ ደርቆ መጀመሪያ ይቀደድ ተባለ፣ ከዚያ ይቆይ ተባለ። ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም።

ለሦስት ቀን አልነገርኳትም። እኔ ማን ነኝና ሐኪምን አርማለሁ? በአራተኛው ቀን ደብተሩን ከሳህኗ አጠገብ ገልጬ አስቀምጬ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። ዕቃ የማጥብ መስዬ ቧንቧ ከፈትኩ።

ቆይቼም የማንኪያ ድምፅ አልሰማሁም። ብቅ ስል ትልቁን መጽሐፍ፣ ያን የወፍጮ ድንጋይ የሚያህለውን፣ አውጥታ ጣቷን በደብተሬ መስመር ላይ እያስኬደች ታመሳክራለች። ዓሣው ቀዝቅዟል።

"እትዬ" አለች። ሙከየፉን አላጠፋችም፣ እኔ ሮጬ አጠፋሁት። "ሃያ ስምንት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ከእነዚህ ሃያ አምስቱ መጀመሪያ የመለስኩት ልክ ነበር።"

"አውቀሽ ነው የቀየርሽው?"

"አላወቅሁም። እርስዎ ሲጠይቁኝ... ተሳስቻለሁ ማለት መሰለኝ።"

"እኔ እኮ ምንም አላውቅም! አንቺው በይ ያልሽኝን ነው ያልኩት!"

"አውቃለሁ። ግን ፊትዎን ሲያጠቁሩ አባቴን መሰሉኝ።"

ከዚያ ነገረችኝ። አባቷ አንድም ቀን "ተሳስተሻል" ብለዋት አያውቁም። ዜማው ሲዛነፍ፣ ቡናው ሲቀጥን፣ ልጅ ውሸት ሲናገር፣ ቀና ብለው "እንዲያ ነው እንዴ?" ይላሉ። ከዚያ በላይ ቁጣ የለም። እንዲያ ነው እንዴ ከተባለ ልጅ ቶሎ ያስተካክላል፤ "አዎ እንዲያ ነው" ብሎ መመለስ ፊትን በጥፊ እንደመምታት ነው። በመጀመሪያው ፈተና ዋናው ፈታኝ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ነበሩ። ስድስት ጊዜ እርግጠኛ ነሽ ወይ አሏት። ስድስት ጊዜ አስተካከለች።

እኔም መቀመጫ ስቤ ተቀመጥኩ፤ ነገሩ የኔም ስለሆነ። አንድ ጊዜ ማዳም ሱዓድ እንግዳ ጠርታ "ሩዙ ላይ ጨው ጨምረሻል? እርግጠኛ ነሽ?" ስትለኝ ጨምሬ ሳለ ደግሜ ጨመርኩበት። ቆይታ ደግማ ጠየቀችኝ፤ ሦስተኛ ጨመርኩ። እንግዶቹ እስከ ማታ ውኃ ሲጠጡ ዋሉ። ይህን ስነግራት ዶክተር አክሱማዊት ከዚያ ሁሉ ሐዘን መሐል ፈገግ አለች።

"እንግዲህ ምን ይሻላል?" አለች። "ሽማግሌን መቃወም አልችልም። ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም፤ ገና ስጀምር ይቅርታ እላለሁ።"

ልጅን ለታላቅ መልሰሽ ተናገሪ ብዬ ማስተማር ኃጢአት መሰለኝ። ያን ዕለት ዓሣዋን አሞቅሁላት። በማግስቱ ሰላት ላይ ተቀምጬ አባቴ ትዝ አሉኝ። በአገራችን ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲሞት አውጫጭኝ ይቀመጣል፤ መንደሩ ሁሉ ይሰበሰብና ያየ የሰማ ይናገራል። አባቴ ጠያቂ ሽማግሌ ነበሩ። ምስክሩ ከተናገረ በኋላ "ያየኸው ይኸው ነው?" ይሉታል። ሦስት ጊዜ። የሚጠይቁት ስላላመኑት አይደለም። ቃሉ እግር እንዳለው ሊያዩ ነው። በሦስተኛው ላይ ቃሉን የለወጠ ሰው ሽማግሌውን አከበረ አይባልም፤ አታለለ ነው የሚባለው።

ይህን ነገርኳት።

"እንግዲያ እነዚያ ፕሮፌሰር..."

"እኔ እንጃ፣ ልጄ። ፕሮፌሰሮችን አላውቅም። አባቴን ነው የነገርኩሽ።"

መጀመሪያ ቃሏን የሞከርነው ሳትፈርምበት በቀረችው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ደማም ሄድን። ኡስታዝ ኢስሀቅ በመስኮታቸው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ሙከየፉ ይጮኻል፣ እሱን ደግሞ ማጥፋት አንችልም። ዶክተሯ ተናገረች። "ኤሽ?" አሉ። ደግማ ተናገረች። መዝገቡን ገለበጡ።

"ስምሽ የለም። ነበርሽ? እርግጠኛ ነሽ?"

ዓይኗ ወረደ። ከዐባያዋ ሥር እጇን ያዝኳት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኡስታዝ። እርግጠኛ ነኝ" አለች። ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር፣ ግን ወጣ።

"ማስረጃ አለሽ?"

ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ከወንድ ጋር በመስኮት ተነጋግሬ አላውቅም፤ የማዳም ቤት ዐረብኛዬም የማድ ቤት ዐረብኛ ነው። ግን ያን ቀን ያየሁትን እንደ ሳህን ቆጥሬ አውቀዋለሁና ዘረዘርኩላቸው። ሳንዱቹ አይብና ወይራ ነበረው፤ ወይራው ፍሬው አልወጣም ነበር። አንዲት ሴት ሕፃን ይዛ መጥታ ነበር። ተናጋሪው የአንገት ዕጢ ሥዕል ሲያሳይ ቴሌቪዥኑ ጠቆረ፣ ሴቶቹ ተንጫጩ፣ አንድ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በጓሮ በር ገባና ጎኑን ሁለት ጊዜ በጥፊ መታው፣ በራ። ጫማው ቡናማ ነበር፣ የግራው ማሰሪያ ተፈቷል።

ኡስታዝ ኢስሀቅ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን እግር አዩ። ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። "ያ ቴሌቪዥን ከኔ በቀር ማንንም አይሰማም" አሉና ማኅተሙን አነሱ።

ከዚያ በኋላ በልምምዱ በረታን። እኔ ሦስት ጊዜ "አር ዩ ሹር?" እላለሁ፤ ሁለተኛውን ፊቴን አጥቁሬ፣ ሦስተኛውን መነጽሬን አውልቄ። እሷ ከወንበሯ ትንሽ ጎንበስ ትልና "ይስ፣ ሰር" ትላለች። ጎንበስ ማለቷን እንድትተው አልነገርኳትም። አክብሮቱ ጎንበሱ ላይ ይሁን፣ ቃሉ ግን ይቁም አልን። ሲሳካላት ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ይከፋኛል፤ ልጅን ዓይነ ደረቅ ያደረግሁ ይመስለኝና ማታ አላህን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ፈተናው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደማም ነበር። በጠዋት ትንሿን የጸሎት መጽሐፏን ከትራሷ ሥር አውጥታ ስታነብ እኔም በበኩሌ ዱዓ አደረግሁ። ሙዐዝ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም፤ እሱ እንዲህ ሲነዳ አይቼ አላውቅም። ሆስፒታሉ ውስጥ በሴቶች መጠበቂያ ክፍል ተቀምጬ ስድስት መስኮቶች፣ አርባ ሁለት የወለል ንጣፎች ቆጠርኩ። ስትወጣ ፊቷን ማንበብ አልቻልኩም።

መኪናው ውስጥ ጠየቅኋት። "ስንት ጊዜ ጠየቁሽ?"

"አራት ጊዜ።"

"ጸናሽ?"

"ሦስቱ ላይ ጸናሁ።"

"አራተኛውስ?"

"አራተኛውን ቀየርኩት፣ እትዬ።"

ሙዐዝ በመስታወቱ አየኝ። ወደ እሷ ዞርኩ። "ለምን?"

"ተሳስቼ ነበር። ሴትየዋ ነፍሰ ጡር መሆኗን መጀመሪያ ነግረውኝ ነበር፤ ረስቼው ራጅ አዘዝኩላት። ሲጠይቁኝ አስታወስኩ። 'የምቀይረው ስላስታወስኩ ነው፣ ስለጠየቁኝ አይደለም' አልኳቸው።"

"እንዲህ አልሻቸው? ለሽማግሌው?"

"ጎንበስ ብዬ።"

"ያ ሰላም!" አለ ሙዐዝ መሪውን በሦስቱ ጣቶቹ እየመታ። "ዶክተር ተቆጣች!"

እኔ ግን ግራ ተጋባሁ። ቃሉን የለወጠ ምስክር አታላይ ነው ብያታለሁ። አሁን ለወጠች። ያ የነገርኳት ነገር ጎድቷት ይሆን? ባትለውጥ ደግሞ ነፍሰ ጡሯ ምን ትሆን ነበር? የለችም አትበሉኝ፤ እኔ ለእሷም አዝኛለሁ። አሥራ ስምንት ቀን ይህን ሳሰላስል ከረምኩ። ዶክተሯም ሳታውቅ ከረመች፤ አንዳንዴ "አራተኛው..." ብላ ትጀምርና ትተወዋለች። ከዳቦው ሥር ያለው ወረቀት ጠርዙ በዘይት ወዝቶ ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን በቀትር ሙዐዝ ደረጃውን ሠላሳ ሁለቱንም እየዘለለ መጣ። እሷ ከኋላው ቀስ ብላ ትወጣለች። እሱ አፉን ሲከፍት "ይቅደሙ" እንደምትለው ሁሉ እንዲናገር ተወችው።

"አልፋለች! ፕሮፌሰሯ፣ ተማሪዎ አልፋለች! ማፊ ኹሩጅ፣ መውጣት የለም!"

እልል አልኩ፣ ከዚያ ጎረቤት እንዳይሰማ አፌን ያዝኩ። እሷ ማድ ቤት ገብታ ዳቦውን አነሳች፣ ወረቀቱን አጣጠፈችና በሰማያዊው ጣሳ ውስጥ ከሰዓቶቿ ጋር ከተተችው።

ሐሙሩን በሩዝ ሠራሁ። እጄ የኔ አልነበረም፤ ማንኪያ ስፈልግ ማንኪያ ይዤ እገኛለሁ። ሰው እንዳያማን የፊት ለፊቱን በር ክፍት አድርገን ሙዐዝም ተቀመጠ። ኅዳር ቢሆንም ዓሣ ሲጠበስ ቤቱ ስለሚታፈን ሙከየፉ እየሠራ ነበር። ሳህኖቹን ሳቀርብ ዶክተር አክሱማዊት የኔን መነጽር ከመደርደሪያው አንስታ አደረገች፣ ፊቷን አጠቆረች።

"እትዬ ኑርሀያት፣ ጨው ጨምረዋል?"

"ጨምሬያለሁ።"

"አር ዩ ሹር?"

ሙዐዝ ሳቁን በእጁ አፈነ። እኔ እንደ ልማዴ ወደ ጨው ዕቃው ልሄድ እግሬን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ጎንበስ አልኩና፣ "ይስ፣ ሰር" አልኳት።

አጨበጨቡልኝ። በሉ፤ ሳህናቸውን ጠረጉ፤ ሙዐዝ ደገመ። እኔ ለራሴ የቀረውን ይዤ ማድ ቤት ተቀመጥኩ። አንድ ጊዜ ጎረስኩ። ሁለተኛ ጎረስኩ። ሳህኑን ይዤ ወጣሁ።

"ጨው የለውም! ምንም የለውም!"

ሁለቱም ዓይናቸውን ወደ ምንጣፉ ጣሉ።

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?"

"እርግጠኛ ነኝ ብለው ነበር፣ እትዬ" አለች ዶክተር አክሱማዊት።

ሙከየፉ እንደበራ ነው ያለችው። ሰማኋት።